ቡና የማይቀምሰው አባቴ

ገብስ ከልክ በላይ ተቆልቶ ሊያርር ሲል የሚወጣው ሽታ አንዳንድ ቀን ከጎረቤት ግቢ ተነሥቶ በመስኮቴ ይገባል፤ ያን ጊዜ የያዝኩትን ሥራ ትቼ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። ሌላው ሰው «ምን ተቃጠለ?» እያለ ወደ ጓዳው ይሮጣል፣ እኔ ግን አባቴ ከሥራው ተነሥቶ፣ የቆዳ መቁረጫውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ እጁን በሳሙና ታጥቦ አሁን ሊመጣ ነው እላለሁ። እናቴ ገብሱን እስኪጠቁር ቆልታ፣ ወቅጣ፣ በማንቆርቆሪያ አፍልታ በትልቅ ኩባያ ታቀርብለት ነበር፤ አባቴ ቡና አይጠጣም ነበርና። ቡና ብቻም አይደለም፤ ሻይም፣ ጠጅም፣ ጠላም፣ አረቄም አይቀምስም፣ ትንባሆም አያጨስም ነበር። ይህ ሁሉ የሃይማኖቱ ሕግ ነበር፤ ያ ሃይማኖት ደግሞ በአዳማ ቀርቶ፣ እሱ እንደሚለው፣ ባቡሩ ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ በሚያልፍበት አገር ሁሉ ከእሱ በቀር አንድ ሰው እንኳ አልነበረውም።

አባቴ ሌቮን ይባላል፣ አርመን ነው፤ ከተማው ግን በጊዜው ነጭን ሁሉ በሚጠራበት ልማድ «ሙሴ ሌቮን» ይለው ነበር። የተወለደው በቱርክ አገር አይንታብ በምትባል ከተማ ነው። በወገኖቹ ላይ ያ ሁሉ እልቂት በወረደ ጊዜ ወላጆቹንና ሁለት እኅቶቹን አጥቶ፣ ከጥቂት የሃይማኖቱ ሰዎች ጋር ወደ ሶርያዋ ከተማ ሐለብ ተሰድዶ፣ እዚያ ምንጣፍ ሲሠራ፣ በኋላም ከአንድ ኮርቻ ሰፊ ዘንድ ሥራ ሲማር ቆይቶ፣ በመጨረሻ ሐበሻ አገር ለአርመን ደግ ነው ሲባል ሰምቶ በመርከብ ጅቡቲ ገባ። ሃይማኖቱ ሞርሞን የሚባለው ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ተጀምሮ፣ ሰባኪዎቹ በአባቱ ዘመን አይንታብ ድረስ መጥተው ጥቂት ቤተሰቦችን አሳምነው ነበር። ከጅቡቲ ሲነሣ ሐሳቡ አዲስ አበባ መግባት ነበር፣ ነገር ግን ባቡሩ አዳማ ላይ ሲቆም እግሩን ሊያፍታታ ወርዶ፣ የነፋሱ ሙቀት የአገሩን ነፋስ አስታውሶት ሻንጣውን አወረደ። «ለአንድ ሳምንት ነበር ያወረድኩት» ይል ነበር።

እናቴ ዘነበች የምንጃር ልጅ ናት። የሟች አባቷን ኮርቻ ልታሳድስ ሱቁ ሄዳ ተዋወቁ፤ «ገና ነው» እየተባለች ሦስት ጊዜ መመላለሷን፣ በአራተኛው ግን ኮርቻው ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አልቆ ከጀርባ ተሰቅሎ እንደ ነበር ማወቋን እየሳቀች ታወራን ነበር። ሲጋቡ ውላቸው አጭር ነበር፦ እሷ በታቦቷ፣ እሱ በመጽሐፉ፣ አንዱ ሌላውን ላያስገድድ። ይሁን እንጂ እኔ ስወለድ አባቴ ቆዳ ሊገዛ ድሬዳዋ ወርዶ ቆይቶ ስለ ነበር፣ እናቴ ሰማንያ ቀኔ ሲሞላ ሳትጠብቀው ክርስትና አስነሣችኝ፣ ስሜም ሳራ ተባለ። በእሱ እምነት ግን ሰው የሚጠመቀው ስምንት ዓመት ሞልቶት የሚያደርገውን ሲያውቅ እንጂ በሕፃንነቱ አይደለም። ተመልሶ ሲሰማ አልተቆጣም፤ ብቻ እናቴን አስቀምጦ፣ «ሁለተኛው ልጅ እስኪያድግ ትጠብቃለህ?» ብሎ ጠየቃት፣ እሷም «እጠብቃለሁ» ብላ ቃል ገባችለት። ያ ቃል ኋላ ቤታችንን ሊያፈርሰው ምንም አልቀረውም ነበር።

እናቴን «ትጠብቃለህ» ማለቱ አይግረማችሁ። አማርኛ የለመደው ከቆዳ ነጋዴዎችና ከባቡር ሠራተኞች፣ ማለትም ከወንዶች ብቻ ስለ ነበር፣ ሴቱንም ወንዱንም፣ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ይል ነበር። እናቴ «አንተ» ነበረች፣ እኔም «አንተ» ነበርኩ፣ ወተት የምታመጣልን የጎረቤታችን የአዴ ፋጡማ ላም እንኳ «እሱ» ነበረች። እናቴ እንደ ጊዜው ወግ ባሏን «እርስዎ» እያለች፣ እሱ «አንተ» እያላት ሲነጋገሩ የሰማ እንግዳ ሁሉ ግራ ይጋባ ነበር። ስታርመው ሁለት ቀን ያህል ይጠነቀቅና፣ ጥንቃቄው ሲበዛበት ጺማቸው ደረታቸው ላይ የወረደውን የእናቴን የነፍስ አባት፣ አባ ተክሌን፣ «አንቺ» ብሎ ይጠራቸዋል። ከዚያ ወዲያ እናቴ ማረሙን ተወችው።

በበጋ አዳማ አቧራ ነበረች። ነፋሱ ከረፋድ ጀምሮ ሜዳውን እየጠረገ መጥቶ ቤታችን ቆርቆሮ ላይ ያፏጭ፣ የባቡር ቀን ሲሆን ከወለንጪቲም ከሞጆም የመጣው ነጋዴ ግመሉንና አህያውን እየነዳ በበራችን በኩል ወደ ጣቢያው ይጎርፍ ነበር። ጥር ሲገባ ሠርግ ይበዛል፣ አባቴም የሁሉንም ልጓምና ኮርቻ ስለሚሠራ በየሠርጉ ይጠራ ነበር፤ ፈተናውም እዚያ ነበር። ሰው ሁሉ ብርሌውን ሲያነሣ እሱ ውሃ ይዞ ይቀመጣል፤ ቡና ሲዞር እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በትሕትና ያሳልፋል። በዚህ የተነሣ «ቡና ጿሚው» የሚል ስም ወጣለት። አንድ ጊዜ የሙሽራው አጎት፣ ሞቅ ያላቸው ሽማግሌ፣ ድንኳኑ ሁሉ እየሰማ ያፋጥጡት ጀመር።

«እስላም ነህ?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ጠጁን ለምን ትንቃለህ?»

«አልናቅኩም። ቃል ገብቻለሁ።»

«ለማን?»

«ለእግዚአብሔር።»

«እግዚአብሔር በቡና ምን አገባው?»

አባቴ፣ «እኔም አንድ ቀን ሳገኘው እጠይቀዋለሁ» አለ። ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ፣ ሽማግሌውም ከእሱ ጎን ሄደው ተቀመጡ። አዴ ፋጡማ ይህ ሲወራ ከሰማች በኋላ፣ ወተቷን እየቀዳች፣ «እኔ ጠጅ አልጠጣም፣ እናንተ ግመል አትበሉም፣ እሱ ቡና አይጠጣም፤ ረቢ ሁላችንንም ያውቀናል» ብላ ለእናቴ ነገሩን ዘጋችው።

ሁሉም ግን በሳቅ አያልፈውም ነበር። ሙሴ ጋራቤድ የሚባል አርመን ጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ ከአባቴ ጋር ወዳጅ ነበሩ፣ ነገር ግን ሃይማኖቱን አይወድለትም ነበር። ሁለቱ ሲገናኙ በራሳቸው ቋንቋ ነበር የሚያወሩት፣ አንድ ቀን ግን በሱቃችን በረንዳ ሰው ተሰብስቦ ሳለ ሆን ብሎ በአማርኛ ተናገረ። «የዚህ ሰው ወገኖች መጽሐፍ ቅዱስ አልበቃቸው ብሎ ሌላ መጽሐፍ ጨምረዋል» አለ። «ሽማግሌዎቻቸውም ሰባት ስምንት ሚስት ያገቡ ነበር። ዘነበች፣ አንቺ ስንተኛዋ ነሽ?»

እናቴ ማንቆርቆሪያውን እንደ ያዘች ደርቃ ቀረች። እኔ ከቆዳው ክምር ጀርባ ነበርኩ፣ ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁት። አባቴ ወስፌውን አስቀምጦ፣ «እውነቱን ነው» አለ። «የድሮ ሽማግሌዎቻችን ብዙ ሚስት ያገቡ ነበር። እኔ ልጅ ሳለሁ ተከልክሎ ቀርቷል።»

«ልክ ነበሩ በለና!» አለ ጋራቤድ።

«ያን አላውቅም። የእነሱ ዳኛ አይደለሁም። አልነበረም ብዬ ግን አልዋሽህም።» ከዚያ ወደ እናቴ ጣቱን ቀስሮ፣ «እሱ የመጀመሪያዬም የመጨረሻዬም ነው» አለ። ሰው ሁሉ «እሱ» የሚለውን ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ ጋራቤድ ራሱ ዕንባው እስኪመጣ ሳቀ። እናቴ ግን ሰዉ ሲበተን፣ «ለምን አልካዱትም? ማን ያውቅብዎት ነበር?» ብላ ተቆጣችው። «ዛሬ ይህን ብክድልህ ነገ ሌላውን ስነግርህ እንዴት ታምነኛለህ?» አላት። እናቴ ወደ ጓዳ ገባች፤ እሷ መልስ ስታጣ ዕቃ ታንኳኳ ነበር።

እኔም ሰባት ዓመት ሲሆነኝ ጥርጣሬ ገባኝ። ውሃ ስንቀዳ ልጆቹ፣ «አባትሽን ሰይጣን ይዞት ነው ቡና የሚፈራው» ይሉኝ ነበር፣ እኔም ተሟግቼ ስመለስ የሚያጽናናኝ አልነበረም፤ የእናቴ ታላቅ እኅት እትዬ በላይነሽ ያንኑ ትደግመው ነበርና። እትዬ ከጣቢያው ማዶ ጠጅ ቤት ነበራት፣ የእኅቷ ባል ጠጇን አለመቅመሱ እንደ ስድብ ነበር የሚቆጠርባት። «መተት ነው» ትል ነበር፤ «አንዲት ጉንጭ ቢቀምስ ለቅቆት ይሄድ ነበር።» ይህን ቃል ይዤ ብዙ ቀን ዞርኩ። በመጨረሻ አንድ ከሰዓት እናቴ ጎረቤት በሄደችበት፣ ከእሷ ጀበና የተረፈውን ቡና በገብሱ ውሃ ላይ ገልብጬ፣ ስኳር አብዝቼ፣ ኩባያውን በሁለት እጄ ይዤ ሱቅ ድረስ ወሰድኩለት።

አመስግኖ ተቀበለኝና አንድ ጊዜ ተጎነጨ። አልዋጠውም። ተነሥቶ ወጣና መሬት ላይ ተፋው፣ አፉን በውሃ ተጉመጠመጠ፣ ተመልሶም ከፊቴ ተቀመጠ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር፤ ፊቱ እንደዚያ አዝኖ አይቼው አላውቅም። «ሰይጣኑ እንዲለቅዎት ብዬ ነው፣ አባባ» ብዬ አለቀስኩ። እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«ልጄ፣ እኔን መጠራጠር ትችላለህ» አለኝ። «አባትህ ሰው ነው፣ ይሳሳታል። ግን ጥርጣሬህን በአፍህ አምጣልኝ፣ በኩባያ አታምጣልኝ። በአፍህ ካመጣኸው አብረን እናየዋለን። በኩባያ ካመጣኸው ከዛሬ ጀምሮ ከእጅህ ውሃ መጠጣት እፈራለሁ።»

ቀጥሎም ሌላ የገብስ ውሃ እንዳመጣለት ላከኝ። ቀድቼ መጣሁ፣ እሱም ውስጡን ሳያይ፣ ሳያሸት፣ ዓይን ዓይኔን እያየ እስከ ዝቃጩ ጠጣው።

ከዚያ በኋላ እሑድ የጥያቄ ቀን ሆነልኝ። እሑድ ሱቁን ዘግቶ፣ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ ቆዳ በሚከመርበት ክፍል ውስጥ በአርመን ፊደል የተጻፈ የቱርክኛ መጽሐፉን ያነብ፣ ተንበርክኮ ይጸልይ፣ በዝግታ ይዘምር ነበር፤ በሐለብ ሃምሳ ስድሳ ሰው ሆነው የሚዘምሩትን እሱ ብቻውን ይዘምረዋል፣ መሐል ላይም የሌሎቹን ድምፅ እንደሚጠብቅ ሰው ዝም ይል ነበር። ሲጨርስ ተራው የእኔ ነው። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ፣ ነጠላዋን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆማ፣ የማታዳምጥ መስላ ታዳምጠን ነበር።

«ያ መጽሐፉን ከመሬት አወጣ የሚሉት ሰው፣ የወርቅ ሰሌዳ ነበር ያገኘው አላሉኝም? ወርቁ የት ሄደ?» ብዬ ጠየቅኩት አንድ ቀን።

«መልአኩ መልሶ ወሰደው ይባላል።»

«እርስዎ አይተውታል?»

«አላየሁም።»

«ታዲያ እንዴት አመኑ?»

«እናትህ ታቦቱን አይቶታል?»

«አላየችም። የተሸፈነ ነው፣ ቄሶቹ ብቻ ናቸው የሚያዩት።»

«ታዲያ እንዴት አመነ?»

መልስ ፍለጋ ወደ በሩ ዞር ብል እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቋን ትደብቃለች። አባቴ ግን አልሳቀም። «ስማ» አለኝ፣ «እኔ ሐለብ ስገባ የሚያለቅስ ሰው ሳይ እቀና ነበር። እናቴ ሲሞት አላለቀስኩም፣ እኅቶቼ ሲሞቱም አላለቀስኩም፣ ውስጤ ደርቆ ነበር። አንድ እሑድ የአባቴ ወዳጅ የነበረ ምንጣፍ ሠሪ ይህን መጽሐፍ ሲያነብልኝ አለቀስኩ፤ እስኪመሽም ማልቀሴን አላቆምኩም። ያንን አይቻለሁ። ሰሌዳውን አላየሁም።»

እንዲህ እያልን ስንት እሑድ እንዳሳለፍን አላውቅም። ጥያቄዬ ካለቀ ቆዳ ስንዘረጋ እንውል ነበር፤ ካላለቀ ለሳምንት ያድራል። እትዬ በላይነሽ የሰጠችኝን ጥያቄ ይዤ ስመጣ ወዲያው ያውቀውና፣ «ይህ የአንተ አይደለም፣ ጠጅ ጠጅ ይሸታል» ይለኝ ነበር፣ ቢሆንም ይመልስልኛል።

በልጉ ዝናብ የእናቴ እርግዝና ገፋ፣ በግንቦት መጨረሻም ወንድሜ ተወለደ። አባቴ በሟች አባቱ ስም ሆቫኔስ ሊለው አሰበ፣ እናቴም የዮሐንስን ስም ትወድ ስለ ነበር ሁለቱ ስም አንድ መሆኑን ሲያውቁ እንደ ልጅ ተደሰቱ። ደስታው ግን ሐምሌ ሲቃረብ ተገታ። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ክርስትና ይነሣል፣ እናቴ ግን ላለማስነሣት ቃሏን ሰጥታለች። በዚያው ሰሞን ከእኛ ሦስተኛ ቤት ያለች ሴት ልጇ አርባ ቀኑ ሳይሞላ በሳል ሞተባትና፣ ያለ ፍትሐት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ተቀበረ። እናቴ ያን ቀን ከቀብር ተመልሳ ዮሐንስን ታቅፋ እስኪመሽ አላስቀመጠችውም።

አባ ተክሌ መጥተው ሱቁ ውስጥ ከአባቴ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ለአንቱታው ግድ አልነበራቸውም፣ ክርክርም ይወዱ ነበር።

«ሙሴ፣ ሰው ከውሃና ከመንፈስ ካልተወለደ አይድንም ተብሎ ተጽፏል» አሉት።

«ተጽፏል አባ። ግን ጌታ ሕፃናቱን ሲያቅፍ፣ ተጠምቃችኋል ወይ ብሎ አልጠየቀም። አንተ ይህን ልጅ እየው፤ ምን ኃጢአት አለው?»

«የአዳም አለበት።»

«አዳም የራሱን ይክፈል፣ ይህ ልጅ ገና ጥርስ የለውም።»

አባ ተክሌ ሳቃቸው አመለጣቸው፣ ወዲያው ግን ፊታቸውን ሰብሰብ አድርገው ተነሡ። እናቴን ደጅ አውጥተው፣ አርባው ቀን ካለፈ እሷን ማቍረብ እንደማይችሉ፣ የነፍስ አባትነቱም እንደሚቀር በሐዘን ነገሯት። እኔ በሩ አጠገብ ነበርኩና ሰማሁ።

በማግሥቱ እትዬ በላይነሽ መጥታ የሕፃኑን ጨርቅና የእናቴን ቀሚስ በአንድ ጥቅል ቋጠረች። «ምንጃር ወንድማችን ዘንድ እንሂድ፣ እዚያ ይጠመቅ፤ ተጠምቆ ሲመለስ ባልሽ ምን ያደርጋል?» አለቻት። ጥቅሉ ሁለት ቀን በር ሥር ተቀመጠ። እኔ ከትምህርትም ከጨዋታም ቀርቼ ጥቅሉን ስጠብቅ ዋልኩ፤ ጥቅሉ ሲነሣ እኔም አብሬ እነሣ ወይስ ከአባቴ ጋር እቀር እንደሆነ የነገረኝ አልነበረም። በሦስተኛው ቀን እናቴ ራሷ ፈታችው። «ቃሌን ሰርቄ አልሄድም» አለች እኅቷን፣ ከዚያም ወደ ሱቁ ገብታ አባቴ ፊት ቆመች።

«ቃል ሰጥቻለሁ፣ አልክድም» አለችው። «ግን ልጁ ባስነጠሰ ቁጥር ነፍሴ ትወጣለች። ቃሌን ይመልሱልኝ።»

አባቴ ወደ መቁረጫው ተመለሰ። በዚያ ቀን ምሳውን አልበላም፣ በማግሥቱም አልበላም። ቆዳ እየቆረጠ መስመር ሲስት አየሁት፤ ያ ፈጽሞ የማይሆን ነገር ነበር። በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን ጧት እናቴ ሕፃኑን ስታጥብ ሳለ ገብቶ መሬት ላይ ቁጢጥ አለ።

«ዘነበች፣ ቃልህን መልሻለሁ» አላት። «እኔ ልክ ነኝ ብዬ አምናለሁ፤ ይህን አልደብቅህም። ግን እኔ ልክ ልሁን ብዬ አንተ በየቀኑ ስትፈራ እያየሁ መኖር አልችልም። ስምንት ዓመት ሲሞላው ከፈለገ ራሱ ይጠይቀኛል። እግዚአብሔር ልጁ ሁለት ጊዜ ቢታጠብ የሚቸገር አይመስለኝም።»

እናቴ እርጥብ እጇን ፊቱ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

በማግሥቱ ዝናቡ ከንጋት ጀምሮ ይወርድ ነበር፣ የቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ጭቃ ሆኖ ነበር፣ እናቴም ገና አልጠነከረችም። አባቴ ዮሐንስን በሰፋው የቆዳ ካባ ውስጥ አቅፎ፣ እኔ የእናቴን ክንድ ይዤ፣ እትዬ ከኋላ ጃንጥላ ይዛ ሄድን። ሰው ከየቤቱ ወጥቶ «ቡና ጿሚው ልጁን ሊያስጠምቅ ነው» እያለ ያየን ነበር። ቅጥሩ በር ስንደርስ ሕፃኑን እዚያ ለሚጠብቀን የክርስትና አባቱ ሰጠ፣ ራሱ ግን ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዞ፣ ከበሩ ውጭ ዋርካው ሥር ቆመ። ሥርዓቱ አልቆ እስክንወጣ ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ውሃ ከባርኔጣው ጫፍ ይንጠባጠብ ነበር።

አባ ተክሌ ሲያዩት፣ «ሙሴ፣ ምነው ብትገባ? ማን ከለከለህ?» አሉት።

«የማላምንበትን ያመንኩ መስዬ ብገባ እናንተንም እግዚአብሔርንም መዋሸት ነው» አላቸው። «ልጄን ግን ብቻውን አልልክም።»

አባ ተክሌ ጎንበስ ብለው ከእጁ ጫማውን ተቀብለው እግሩ ሥር አስቀመጡለት። እሳቸውን የሚያክል ሰው እንዲህ ሲያደርጉ ያየው ሕዝብ ለወራት አወራው።

በተከታዩ እሑድ አባቴ አልዘመረም። መጽሐፉን ዘግቶ ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ነበር። ጥያቄዬን ይዤ ስገባ፣ «ዛሬ ጥያቄ ያለኝ እኔ ነኝ» አለኝና ከቆዳው ክምር ላይ ቦታ ለቀቀልኝ፤ ምን እንደሚጠይቅ ሳይነግረኝ አብረን ዝም ብለን ዋልን። ነገሩ ቀላል እንዳልነበረለት ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ላይ ውሃ ተኝቶ ሳለ ወባ ገባ፤ በጥቅምት አባቴም ተያዘ፣ በዘጠነኛው ቀን ረፋድ ላይ ሞተ። እስከ መጨረሻዋ ሰዓት እናቴን «አንተ» እያለ ነበር የሚያመሰግናት። ጋራቤድ መጥቶ እንደ ወንድም አለቀሰለት፤ ወደ አዲስ አበባ ወስደን ከአርመኖቹ ጋር እንቅበረው ብሎ ነበር፣ ነገር ግን ባቡሩ ሁለት ቀን ይቀረው ስለ ነበር ሙቀቱ አልፈቀደም። ከጣቢያው ወዲያ ባለው ሜዳ፣ የአዴ ፋጡማ ባል በሰጡት መሬት ላይ ጉድጓድ ተቆፈረ። እትዬ በላይነሽ ጠጅ ቤቷን ዘጋች፤ ሰው ቢያንኳኳም ሦስት ቀን ሙሉ አልከፈተችም።

አስከሬኑ ጉድጓዱ አፍ ላይ ሲደርስ ሁሉም ቆመ። የእሱ ሃይማኖት ሰው እንዴት እንደሚቀበር የሚያውቅ አልነበረም። አባ ተክሌ ከዳር ቆመው ነበር፣ ቀረብ ብለው ጎንበስ አሉና፣ «ሳራ፣ አባትሽ ሰው ሲሞት ምን እንደሚባል ነግሮሻል?» አሉኝ።

ያን ሁሉ እሑድ ስለ መልአኩም፣ ስለ ወርቁም፣ ስለ ቡናውም ጠይቄው ነበር። «ይህን አልጠየቅኋቸውም» አልኩ።

«አባታችን ሆይን ያውቅ ነበር?»

«በአርመንኛ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።»

አባ ተክሌ ወደ ሰዉ ዞሩ። «ፍትሐት ልፈታው አልችልም፣ ሥርዓቴ አይፈቅድልኝም» አሉ። «ጌታ ያስተማረውን ጸሎት ግን ማንም አልከለከለኝም።» ሁለት ሰዎች አጉረምርመው ሄዱ። የቀረው አባታችን ሆይ አለ፣ ጋራቤድ በአርመንኛ አለው፣ እኔም ከእሱ ጋር በአርመንኛ አልኩት፣ አዴ ፋጡማ መዳፏን ዘርግታ የራሷን አለች፣ ከዚያ አፈሩ ተመለሰ።

ዮሐንስ ስምንት ዓመት ሲሞላው የሚጠይቀው አባት አልነበረውም፤ እኔ ዘንድ መጣ፣ እኔም የማውቀውን ነገርኩት። ሁለታችንም በእናታችን ሃይማኖት ኖርን፣ ልጆቻችንንም በዚያው አሳደግን። ከብዙ ዘመን በኋላ የአባቴ እምነት ሰዎች አዲስ አበባ መጡ ሲባል ሰማሁ፣ እንዲያው ሄጄ ላያቸው አስቤ እግሬ አልታዘዘልኝም። አባቴ የተቀበረበት ሜዳ ቤት በቤት ሆኗል፤ የቱ ጋ እንደ ተኛ ዛሬ በጣቴ ማሳየት አልችልም።

አሁን አዳማ ትልቅ ከተማ ናት፣ እሑድ ጧት በየአቅጣጫው የድምፅ ማጉያ ይሰማል፣ ስለ ሃይማኖት የማይከራከር ሰውም ጥቂት ነው። የልጅ ልጆቼ ከጎረቤት ልጆች ጋር ሲሟገቱ እሰማለሁ፤ ብልሆች ናቸው፣ መልሱን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል፣ ጥቅሱን ከነቍጥሩ ይጠሩታል። ቢሆንም አንዱ ተናግሮ ሳይጨርስ ሌላው ይጀምራል። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ሳዳምጣቸው አንድ ነገር ብቻ ይናፍቀኛል፤ አሁን ሰው በሃይማኖቱ ሲጠየቅ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ አባቴ ግን መጀመሪያ ለጠያቂው መቀመጫ ይፈልግለት ነበር።